ጥቅልሉ ለስምኻት ቶራ ይድረስልን

እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰንበት ሰላም። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልጀምር። የኦሪት ጥቅልላችን ለንባብ አይሆንም ተብሏል። ለስምኻት ቶራ፣ የኦሪት የዓመቱ ንባብ ተጨርሶ እንደገና ለሚጀመርበት በዓል፣ እንዲደርስ ለማሳደስ 18,000 ሸቀል ተጠይቀናል። እስካሁን የተሰበሰበው 5,400 ነው። የቀረውን ከእናንተ እንጠብቃለን።

አንዳንዶቻችሁ ሰፈራችንን ኪርያት ሞሼን ለቃችሁ ሌላ ከተማ ገብታችኋል። አንዳንዶቻችሁም አሜሪካ ናችሁ። እስራኤል፣ ረሆቮት ከተማ ውስጥ ያደጋችሁባት ትንሿ ጸሎት ቤት ግን ያው በቦታዋ ናት። በሩ ያው ነው፣ የፕላስቲክ ወንበሩም ያው። ዘንድሮ የተቀየረው ማዝጋኑ (የአየር ማቀዝቀዣው) ብቻ ነው፤ እሱም ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ።

የጥቅልሉ ነገር የታወቀው በአንድ ሰንበት ጠዋት ነው። ሦስተኛው ሰው ተጠርቶ ባርኮ ንባቡ ቀጥሎ ሳለ አንባቢው ድንገት ዝም አለ። የብር ጠቋሚውን ከብራናው ላይ አነሳና ጎንበስ ብሎ አየ። አንዲት ዋው የተባለች የዕብራይስጥ ፊደል እግሯ ተሰንጥቆ ግማሹ ቀለም ረግፏል። አሁን ዋው ናት ወይስ አጭሯ ፊደል ዮድ? እንዲህ ሲያጠራጥር ሕጉ ሊቅ ይጠራ አይልም። ሊቅ ቃሉን በልቡ ስለሚያውቀው የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል። የሚጠራው ፊደል የለየ፣ ቃሉን ግን ገና መገመት የማይችል ሕፃን ነው። በጣም የበረታም የደከመም እንዳይሆን ይመረጣል።

ከአያቱ ጎን ተቀምጦ ከረሜላ የሚልጥ አንድ የአንደኛ ክፍል ልጅ ተጠራ። ወንበር ላይ አቆሙት። ጠቋሚው ፊደሏ ላይ አረፈ። «ይህቺ ምንድን ናት?» ተባለ። «ዮድ!» አለ ጮክ ብሎ፣ አንድ ጉንጩ በከረሜላ እንደተወጠረ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጁ ፈተናውን አለፈ፣ ጥቅልሉ ወደቀ።

ወዲያው ተጠቅልሎ ከውጭ በሻሽ ታሰረ። ከውጭ የታሰረ ካያችሁ አይነበብም ማለት ነው። ንባቡ ካቆመበት ቦታ በሁለተኛው ጥቅልል ቀጠለ። ያ ሁለተኛው ግን የእኛ አይደለም፣ ከጎረቤት ቤት ክኔሴት (ጸሎት ቤት) የተዋስነው ነው። ባለቤቶቹ ለበዓላት እንደሚፈልጉት በትሕትና ነግረውናል። እውነታቸውን ነው። በስምኻት ቶራ ቀን ለንባብ የሚወጣው ሦስት ጥቅልል ስለሆነ ማንም ትርፍ የለውም።

ጥቅልሉ አሁን ጸሐፊው ዘንድ ነው። ያልታረመ መጽሐፍ ከ30 ቀን በላይ ቤት ውስጥ እንዳይቀመጥ ሊቃውንቱ ከጥንት ስለከለከሉ፣ ጊዜው ሳያልፍ ወሰድንለት። 245 ዓምዶቹን አንድ በአንድ ገልጦ አየ። የተሰነጠቀችው ዋው ብቻዋን እንዳልሆነች ያኔ ነው ያወቅነው። ቀለሙ ከዛፍ ላይ ከሚለቀም እብጠት፣ ከሙጫና ከብረት ጨው የተሠራ ነው። ብራናው ደግሞ ቆዳ ነው፤ በእርጥበት ይለጠጣል፣ በደረቅ ይኮማተራል። የእኛን አገር በጋ ታውቁታላችሁ። ሸሚዝ ጀርባ ላይ በሚጣበቅበት ወበቅ ቆዳው ይለጠጣል፣ ቀለሙ ግን አብሮ አይለጠጥም። በዚያ ላይ በየሳምንቱ መጠቅለልና መፈታት አለ። በመጨረሻ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይረግፋል።

ደግነቱ የኦሪት ጥቅልል ይታደሳል። መዙዛና ትፊሊን፣ በር ላይ የሚለጠፈውና በክንድና በግንባር የሚታሰረው ጽሑፍ፣ ፊደሎቻቸው በተራ መጻፍ አለባቸው፤ አንዷ ከተበላሸች ተመልሶ መሙላት አይቻልም። በጥቅልል ግን የደበዘዘችውን በላይዋ መሙላት ይፈቀዳል። ቢሆንም ሥራው የቀን ሥራ አይደለም። ኦሪት 304,805 ፊደል አላት፣ አንዷ ከጎደለች አትነበብም። ጸሐፊው የፈጣሪን ስም ከመንካቱ በፊት ለቅድስናው ብሎ እንደሚጽፍ በቃሉ ይናገራል። የስሙን ፊደል ፍቆ ማረም ስለማይፈቀድ እዚያ ላይ እጁ ቢስት ነገር ይወሳሰባል። የጠየቀን ገንዘብ የዓምዶቹን ሥራ፣ የላላውን ስፌትና የሣጥኑን ማጠፊያ ጥገና ይጨምራል። ሌላ ሁለት ጸሐፊ ጠይቀን አወዳድረናል፣ ይህ የተሻለው ነው።

ብራና ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጎንደር ላይ ኦሪታችን በግዕዝ፣ በብራና ላይ ተጽፎ እንደ መጽሐፍ የተጠረዘ ነበር። ቄሶቻችን ያነቡልናል፣ ከዚያ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉሙልናል። ስምኻት ቶራን ያኔ አናውቀውም፣ የለመድነው እዚህ መጥተን ነው። ከክረምት በኋላ የምንጓጓለት የጾምና የጸሎት በዓላችን ስግድ ነበር። አሁን ሁለቱም አሉን፣ ልጆቻችንም ሁለቱንም የራሳቸው አድርገዋል። ቄሳችን እስከ ዛሬ ምርቃቱን በግዕዝ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ። ወጣቶቹ ደግሞ በዕብራይስጥ አሜን ይላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ዜና ልምጣ። በስምኻት ቶራ የዓመቱን የመጨረሻ ምዕራፍ ለማንበብ የሚጠራው ሰው ኻታን ቶራ ይባላል። ከዘፍጥረት እንደገና ለመጀመር የሚጠራው ደግሞ ኻታን ቤሬሺት። ሙሽራ እንደማለት ነው፣ ክብሩም የሙሽራ ነው። ብዙ ጉባኤ ይህን ክብር ዓመቱን ሙሉ ለቤቱ ለደከመ ሰው ይሰጠዋል። የእኛም ቫዓድ (የጸሎት ቤቱ ኮሚቴ) ዘንድሮ ሦስት በጎ ፈቃደኞችን ለማክበር ወሰነ። ስማቸው የተቀረጸበት የመስተዋት ሽልማት ሊያሠራላቸው፣ በአዳራሽም ራት ሊያበላ አስቦ ነበር። ሦስቱም ሳይመካከሩ አንድ መልስ ሰጡ፤ «ገንዘቡን ለጥቅልሉ አድርጉት።» ከ5,400 ሸቀሉ ውስጥ የመጀመሪያው የመጣው ከዚያ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍም ለምነውኛል። እኔ ባልጽፍም ሰፈሩ ያውቃቸዋል።

አንዱ ጋባያችን፣ የጸሎት ቤቱ አስተናባሪ፣ ናቸው። በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሰሎሞን፣ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ በአውሮፕላን ከተሳፈሩት ከ14,000 በላይ ሰዎች አንዱ ናቸው። የፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ሆነው ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። የሌሊት እንቅልፍ ስለጠፋባቸው ነው መሰለኝ፣ ጎህ ሳይቀድ በሩን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ኪሳቸው ውስጥ አንዲት ጥግ ጥጓ የተበላ ደብተር አለች። በውስጧ የእያንዳንዱ አባወራ ስም ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ አንዴ በመርከዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ) የተሰጠው የዕብራይስጥ ስም፣ አንዴ እናቱ ያወጣችለት። ከጎኑ የአባቱና የእናቱ ሙት ዓመት አለ። ካዲሽ፣ ለሙታን የሚባለውን ጸሎት፣ የምትልበትን ቀን ብትረሳ እንኳ ሐሙስ ማታ ስልክህ ይጮኻል። ለስግድ ወደ ኢየሩሳሌም አውቶቡስ የሚያዘጋጁትም፣ ማን ቀረ እያሉ የሚቆጥሩትም እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛዋ የኪዱሹ፣ የሰንበት የቡራኬ ማዕድ፣ እናታችን ናቸው። ዓርብ የሚሸተው የዳቦው ሽታ ከእሳቸው ቤት ነው። እኔ ግን ለዳቦው አይደለም የማነሣቸው፤ ዳቦ የሚጋግር ሌላም አለ። እሑድ እሑድ ጸሎት ቤቱ ጓዳ ውስጥ መነጽራቸውን አድርገው ይቀመጣሉ። አዛውንቱ ሁሉ በፌስታል ደብዳቤ ይዘው ይመጣሉ፣ ከቢቱዋኽ ለኡሚ (ብሔራዊ መድን)፣ ከዒሪያ (ማዘጋጃ ቤት)፣ ከውኃ ድርጅት። አንብበው ይተረጉማሉ። ቅጽ ይሞላሉ። ስልክ ደውለው «ለአማርኛ ይህን ተጫኑ» እስኪባል ያን ሙዚቃ ይሰማሉ። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ስድስት ወር ሙሉ ያልከፈቱትን ፖስታ ይዘው መጡ። ውስጡ ክፍያ ሳይሆን ሊሰጣቸው የተወሰነ ገንዘብ ነበር። ሽማግሌው የዕዳ መስሏቸው ነው የሸሹት።

ሦስተኛው ወጣት ነው። ከሠራዊት ከወጣ ብዙም አልቆየ፣ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይማራል። ዓርብ ከሰዓት በድምፅ ቀድቶ የሚልክልንን ዜና የማታዳምጡ የላችሁም። ማንበብ ለሚቸግራቸው አያቶቻችን ብሎ ጀመረው፣ አሁን የሚያነቡትም ያን ነው የሚጠብቁ። ሻማ የሚበራበት ሰዓት፣ ማን ከካፕላን ሆስፒታል ወጣ፣ ማን ወለደች፣ የማን ልቅሶ ቤት እስከ መቼ ነው። ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። አማርኛው አንዳንዴ ይሰናከላል። «አያቴ መርቀዋለች» ያለበት ቀን ሰፈሩ አንድ ሳምንት ስቋል። እርማት የሚልኩለት እናቶች ብዙ ናቸው፣ እሱም በቀጣዩ ዓርብ አስተካክሎ ይላል።

ጋባያችን ኻታን ቶራ፣ ወጣቱ ኻታን ቤሬሺት ይሆናሉ። ለእናታችን ደግሞ ጸሐፊው ከመጨረሻዎቹ ፊደላት አንዷን በእሳቸው ስም፣ በእሳቸው ውክልና ይሞላል። ቄሳችንም በጉባኤው ፊት ይመርቋቸዋል። ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ በዓል ለብዙ ቤት የሐዘን ቀንም ነው፣ የኦክቶበር 7 ጥቃት የደረሰው በዚያው ዕለት ነበርና። ስለዚህ መጀመሪያ ለሙታን ጸሎት ይደረጋል፣ ጭፈራው ከዚያ በኋላ ነው። ሦስቱ የሚጨፍሩት ግን የእኛን ጥቅልል አቅፈው እንዲሆን እንፈልጋለን፣ የውሰት ሳይሆን።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በጥቅልሉ ላይ የሚታደስ ፊደል በሰው ስም ማስያዝ ይቻላል ብለን ስንናገር፣ መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ ለሱዳን ሙታን ይሆናል ወይ የሚል ነበር። ይሆናል። በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን ቀርተዋል። በሄርጽል ተራራ የመታሰቢያ ሐውልት አላቸው፣ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን ይታሰባሉ። ብዙዎቹ ግን መቃብራቸው የት እንደሆነ እንኳ አይታወቅም። እናታችን ራሳቸው በ1984 እ.ኤ.አ. በዚያ መንገድ ነው የመጡት፣ ታናሽ ወንድማቸው እዚያ ቀርቷል። በእሳቸው ስም የሚሞላው ፊደል የወንድማቸው ስም መጀመሪያ እንዲሆን ጠይቀዋል። ጸሐፊውም እሺ ብሏል። ለሱዳን ሙታን የሚያዝ ፊደል የተቆረጠ ዋጋ የለውም፣ የሰጣችሁት ይበቃል፤ ባትሰጡም ስማቸውን አስመዝግቡ።

እንግዲህ ሒሳቡ። የቀረው 12,600 ሸቀል ነው። ወደ 70 ቤተሰብ እንሆናለን፣ ስለዚህ ለአንድ ቤት 180 ይደርሰዋል። 18 በዕብራይስጥ ፊደል ቁጥር ሕይወት ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው በ18 እያባዛ ይሰጣል። ለሚችል 360ም 1,800ም ክፍት ነው። ለማይችል 18 ሸቀል ሙሉ ስጦታ ነው፣ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ፤ እኛ ደግሞ ከሃምሳም እንበልጣለን።

በሰንበት ገንዘብ አይነካም፣ አይጻፍም። ስለዚህ ቃል መግባት ለምትፈልጉ ጋባያችን ካርድ አላቸው። በጠርዙ ዙሪያ 18፣ 36፣ 90፣ 180፣ 360 ተጽፎበታል። የነገራችኋቸውን ቁጥር ጠርዙን ያጥፉታል፣ አለቀ። ሰንበት ከወጣ በኋላ ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይደምራሉ። ቃል ገብቶ የካደ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመንም። የዘገየ ግን አለ፣ ራሱን ያውቃል።

በሥራ ቀን በቢት፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ መላክ ይቻላል፣ ቁጥሩ መግቢያው በር ላይ ተለጥፏል። በጥሬ ገንዘብ የምትሰጡ በወሩ መጀመሪያ የእድሩ መዋጮ ሲሰበሰብ ለገንዘብ ያዡ ስጡ፣ በተለየ ደብተር ይመዘገባል። ደረሰኝ ጠይቁ። አሙታችን (ማኅበራችን) ሳዒፍ 46፣ የግብር ቅናሽ ፈቃድ፣ ስላለው፣ ስጦታው ሕጉ ካስቀመጠው ዝቅተኛ መጠን በላይ ከሆነ ግብር ለሚከፍል ሰው 35 በመቶው ከግብሩ ላይ ይመለስለታል። ውጭ አገር ያላችሁ እዚህ ባለ ዘመዳችሁ በኩል ላኩ፣ ቀላሉ እሱ ነው።

ጸሐፊው ግማሹን፣ ማለትም 9,000 ሸቀል፣ በቀብድ ካልተቀበለ ብዕሩን አያነሣም። ለዚህ 3,600 ነው የጎደለን። ከበዓላቱ በፊት ያለው ወር ኤሉል ሳይገባ ካገኘው ለስምኻት ቶራ አደርሳለሁ ብሏል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ለበዓላት የሚጠብቁት ሌሎች ጉባኤዎች ይቀድሙናል። የገባውና የወጣው በየዓርቡ ከወጣቱ ዜና ጋር በድምፅ ይነገራል፣ በጽሑፍም በሩ ላይ ይለጠፋል። የሚተርፍ ካለ ለጥቅልሉ አዲስ መጎናጸፊያ ይሆናል። ጥልፉን አውቃለሁ፣ በእጄ እሠራለሁ የምትል እናት ካለች እሷም እስከ ሮሽ ኾዴሽ፣ የወሩ መግቢያ፣ ትንገረን።