ሰባተኛው ረድፍ

ወንድሜ፣

እንዴት ነህልኝ? እማማስ? ከጥምቀት ወዲህ አልደወልኩልህም። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር በለኝ። ስልኩን አንስቼ ስንቴ መልሼ እንዳስቀመጥኩት... የቮልት መለኪያ ቴስተርህም እስካሁን እኔው ጋ ነው። ሌላውን ስንገናኝ እናወራዋለን፤ አሁን የጻፍኩልህ ስለ ኤሌክትሪክ ሳይክሏ ነው።

ዳገት ላይ ትጠፋብኛለች። ከለገሃር እስከ ፖስታ ቤት ትበራለች። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፌ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሽቅብ ጋዝ ስሰጣት ጭጭ! መብራቱም ስክሪኑም ድርግም ይላል። አጥፍቼ ሳበራት ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች፣ ትንሽ ሄድ ብላ ደግሞ ጭጭ። ማክሰኞ ማታ በዝናብ እስከ ፒያሳ ገፋኋት፤ ክብደቷን ታውቀዋለህ።

መጀመሪያ ገመዱን ነበር የጠረጠርኩት። ከባትሪው ወደ ሞተሩ መቆጣጠሪያ፣ ወደ ኮንትሮለሩ፣ የሚሄደው ስፒና ስነካው ያቃጥላል፣ ፕላስቲኩም ጠይሟል። 20 አምፒር በሚያልፍበት መስመር አንድ ቦታ ላይ 1 ቮልት ቢጠፋ፣ እዚያች ነጥብ ላይ 20 ዋት ሙቀት አለ ማለት ነው፤ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ስፒናውን ቀየርኩ፣ ገመዱንም በወፍራም ተካሁት፣ በናስትሮ ጠቀለልኩት። ሙቀቱ ጠፋ። ዳገቱ ላይ ግን ያው ናት።

ባትሪውን ስለካው 52 ቮልት ገደማ አሳየኝ። ድምሩን አትመን ትለኝ የለ? ባትሪውን በሚጠብቀው ሰርኪዩት፣ በቢኤምኤሱ፣ ቀጫጭን ገመዶች በኩል አራት አራት ሴል የያዙትን 13ቱንም ረድፍ አንድ በአንድ ለካኋቸው። አስራ ሁለቱ 4 ቮልት አካባቢ ናቸው፣ ሰባተኛው 3.7። ከዚያ የጎረቤት ልጅ ጎማውን ከመሬት አንስቶ፣ ፍሬን ይዞ ጋዝ ሲሰጥልኝ እኔ ዓይኔን ሰባተኛው ላይ ተከልኩ። በሰከንዶች ውስጥ ወደ 2.8 ወረደና ቢኤምኤሱ ቆረጠው። ሰፈር ያለ አንድ ልጅ ቢኤምኤሱን ዝለለውና ቀጥታ አገናኘው አለኝ። እምቢ አልኩት። የሚያድነን እሱ ብቻ ነው እኮ።

ሰባተኛውን ማን እንደሠራው ታውቃለህ። አንተ ሴሎቹን ሳያግል በቅጽበት የሚበይደውን ማሽን፣ ስፖት ዌልደር፣ እስክናገኝ እንታገስ ስትለኝ፣ አላስችል ብሎኝ ማታ ብቻዬን ሶልደር ያደረግኩት እሱን ነው። እርሳሱ አልይዝ ብሎኝ ሴሉ ጫፍ ላይ ሙቀቱን ደጋግሜ፣ በጣም ደጋግሜ... ብቻ ትክክል ነበርክ። ያን ቀን የተናገርኩህን ሁሉ ባልተናገርኩ። በስልክ ልነግርህ አቃተኝ። ወይ ሙቀቱ ሴሎቹን ጎድቷቸዋል፣ ወይ አንዱ ሴሎቹን ከሚያገናኘው የኒኬል ቁራጭ ተላቆ የአራቱን ሸክም ሦስቱ ተሸክመውታል። ሳይከፈት አይታወቅም።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ይህን ሁሉ ወር ሌሊት ሌሊት በሩ ሥር ነበር ቻርጅ የማደርገው። እማዬ ከግድግዳው ማዶ ትተኛለች፣ ሌላ መውጫ የለንም። የሊቲየም ባትሪ አንዴ ከተያያዘ እሳቱ ጠፋ ስትለው ተመልሶ ይነሳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ይህን ሳስብ ሰውነቴ ይንቀጠቀጣል። አሁን ባትሪውን አውልቄ ግቢው ጥግ ሲሚንቶው ላይ፣ ከቤቱ ራቅ አድርጌ፣ ዝናብ እንዳይነካው በቆርቆሮ ጋርጄዋለሁ። ቻርጀሩን ደብቄዋለሁ።

ብቻዬን አልከፍተውም። ቅዳሜ ከሰዓት ይመችሃል? ስፖት ዌልደር የሚያከራይ ሰው አግኝቻለሁ። አራቱን ሴሎች ግን ያላንተ አልገዛም፤ አቅማቸው ከቀሩት ጋር ካልተቀራረበ ያው ዳገት ላይ መቅረት ነው፣ ከማያያዛችን በፊትም ቮልቴጃቸውን ማስተካከል አለብን። ያንን ቀለበትህን ደግሞ እቤት ትተኸው ና! ብልጭ ያለብህ ቀን ጩኸትህ ሰባ ደረጃ ድረስ ተሰምቷል። እማዬም ያ ልጅ የት ጠፋ እያለች ነው፣ ሽሮዋን እንደምትወደው አልረሳችም።

ባይመችህም ቴስተርህን ይዤልህ እመጣለሁ። ከፒያሳ ከተነሳችሁ ወዲህ ቤታችሁን አላውቀውምና አቅጣጫውን ላክልኝ።

ያንተው