ጉዳዩ፦ «ጌሚንግ ነው» ተብሎ ስለተሸጠልኝ ላፕቶፕ

ለኮምፒውተር መሸጫ ሱቁ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ
ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ።

ከአሥር ቀን በፊት፣ ጥቅምት 22 ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቦሌ ካለው ሱቃችሁ አንድ ላፕቶፕ በ62,000 ብር ገዛሁ። ሻጩ ልጅ ያስታውሰኛል ብዬ አስባለሁ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር የመጣሁት፣ መነጽር ያደረግኩት፣ «ግራፊክሱ ለብቻው ነው?» ብዬ ሦስት ጊዜ የጠየቅኩት ሰውዬ ነኝ። ሦስቴም «አዎ አለቃ» ነው የተባልኩት።

ደብዳቤ የምጽፈው ስልኩ ስለሰለቸኝ ነው። አራት ጊዜ ደወልኩ። ሁለቱ አልተነሳም፣ አንዱ «ደንበኛ ይዣለሁ፣ መልሼ እደውላለሁ» ተብሎ በዚያው ቀረ፣ በአራተኛው ደግሞ ጭራሽ ራም፣ ማለትም ተጨማሪ የሥራ ሜሞሪ፣ ልትሸጡልኝ ሞከራችሁ። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ምን ብዬ እንደጠየቅኩ ላስታውሳችሁ። ወንድሜ አርክቴክቸር 3ኛ ዓመት ነው። ቀን ቀን ሪቪትና ሉሚዮን የሚባሉ የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራሞችን ይከፍታል። ማታ ማታ እኔ ጌም እጫወታለሁ፤ ገንዘቡን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ማታው የኔ ነው፣ ይህን ተስማምተናል። ስለዚህ የፈለግነው አንድ ነገር ነው፦ የራሱ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን ብቻ የሚሠራ የራሱ ሜሞሪ ያለው ክፍል፣ ያለው ማሽን። ቀለሙም ሞዴሉም ግድ አልሰጠንም። ሻጩ ሰምቶ ጨረሰና «የናንተማ አለ» ብሎ ከመደርደሪያ አወረደው። ክዳኑ ላይ ቀይ ዘንዶ ተለጥፎበታል፣ ኪቦርዱ ሥር መብራት አለ፣ አጠገቡ ሰባት ዓይነት ቀለም የምታበራ ማውስ በስጦታ ተቀምጣለች። ከዚያ የሱቁን ቢዝነስ ካርድ ገለበጠና ጀርባው ላይ ጻፈልን፦ «ኮር አይ 7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ኤስኤስዲ፣ 8 ጊጋ ግራፊክስ»። ካርዱ አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው የተጻፈው፣ 8ቷ ቁጥር ሁለቴ ተደምቃለች።

ወንድሜ «ጂቲኤ 5 ይጫወታል?» አለው። «እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው!» አለ።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ። ከፈልን፣ ወጣን።

የዚያኑ ማታ ጂቲኤ ጫንኩ። ይሄ ጌም ለኮምፒውተር የወጣው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፣ አሥር ዓመት አልፎታል፣ ዛሬ «ከባድ ጌም» የሚለው የለም። ሁሉን ነገር ዝቅ አድርጌ፣ ጥላውን አጥፍቼ፣ ስክሪኑን አሳንሼ እንኳ መኪናው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ እኔ መሪውን አዙሬ ጨርሼ ቆይቶ እሱ ይታጠፋል፣ ያኔ ግድግዳ ውስጥ ነኝ። ማራገቢያው ደግሞ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ሉሚዮንንስ ተዉት። ወንድሜ ከፍቶት አንድ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ፣ አሁንም እየከፈተ ነበር።

ያኔ ነው የኮምፒውተሩን የውስጥ ነገር የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀር የከፈትኩት። ሱቅ ውስጥ ማድረግ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ።

ፕሮሰሰሩ፣ የኮምፒውተሩ አንጎል ማለት ነው፣ ኢንቴል ኮር አይ 7-7600ዩ ነው። እውነት ነው፣ አይ 7 ነው፣ አልዋሻችሁም። ግን «አይ 7» ብቻውን ምን ማለት ነው? ቪትዝ ለመሸጥ መጥቶ የስንት ሞዴል እንደሆነ የማይናገር ደላላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አገር መኪና የሚገዛ ሰው ገና ሰላምታ ሳይጨርስ «የስንት ሞዴል ነው?» ይላል። ላፕቶፕ ላይ ስንደርስ ግን «አይ 7 ነው» ሲባል ሁላችንም ጭንቅላታችንን ነቅንቀን ገንዘብ እንቆጥራለን። ከሰረዙ ቀጥላ ያለችው የመጀመሪያዋ 7 ቁጥር ጄኔሬሽኑን ነው የምትናገረው፦ 7ኛ ጄኔሬሽን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዩ» ደግሞ ባትሪ እንዲቆጥብ ለስስ የቢሮ ላፕቶፕ የተሠራ፣ 15 ዋት ብቻ የሚበላ ማለት ናት። ያለው ኮር፣ ማለትም ስሌቱን የሚሠራው ክፍል፣ ሁለት ነው። ሁለት! በዚያው ዓመት የወጣው አይ 5-8250ዩ አራት ኮር አለው። ማለትም እናንተ «ከአይ 7 በላይ ምን አለ?» ስትሉኝ ከጎኑ የነበረው ርካሹ አይ 5 ሊበልጠው ይችል ነበር፣ እኔም «አይ 5 አልፈልግም» ብዬ ያለፍኩት በራሴ ድንቁርና ነው። በዚያ ዘመን ለጌም የሚሠሩት ላፕቶፖች ላይ የነበረው አይ 7-7700ኤችኪው ነው፣ አራት ኮር፣ 45 ዋት። ሁለቱም 7ኛ ጄኔሬሽን፣ ሁለቱም አይ 7። ልዩነቱ ግን የባጃጅና የሲኖትራክ ነው።

አሁን ወደዚያች ሁለቴ ወደተደመቀችው 8 ልምጣ፣ በጣም ያናደደችኝ እሷ ስለሆነች።

ላፕቶፑ ውስጥ ግራፊክስ ካርድ የለም። ጭራሽ የለም። ያለው ፕሮሰሰሩ ላይ አብሮ የተሠራው ኢንቴል ኤችዲ 620 ነው። እሱ የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ ከራሙ ነው የሚበደረው። ዊንዶውስ ደግሞ እስከ ግማሽ ራም ድረስ ሊበደር እንደሚችል ይጽፋል፤ ራሙ 16 ስለሆነ «8 ሺህ ምናምን ሜጋባይት» የሚል ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይወጣል። ሻጩ ያን ቀን በጣቱ ያሳየን ያንን መስመር ነው። ከላዩ ያለውን መስመር ግን በመዳፉ ሸፍኖት ነበር ወይም እኔ አላየሁትም፤ እዚያ ላይ የሚነበበው ለግራፊክሱ ብቻ የተያዘለት ነው፣ እሱም 128 ሜጋባይት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለዚህ ነው። ጓደኛዬ 8 ሺህ ብር ሊያበድረኝ ይችላል ማለት ኪሴ ውስጥ 8 ሺህ ብር አለ ማለት አይደለም፤ ደግሞ ይሄኛው ብድር የሚመጣው ከራሴው ሌላኛው ኪስ ነው። ሻጩ ይህን የማያውቅ ቢሆን ኖሮ አዝኜለት እተወው ነበር። ግን «ለብቻው ነው?» ብዬ ስጠይቀው መጀመሪያ ወደ ጓደኛው ዞሮ ነው «አዎ» ያለኝ። ያንን ዞር ማለት ያኔ አልገባኝም፣ አሁን ገብቶኛል።

«ኦፕን ቦክስ ነው፣ ማሳያ ላይ ተቀምጦ የነበረ» ብላችሁኝ ነበር። ዲስኩን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባል መፈተሻ ፕሮግራም አየሁት፣ 11,400 ሰዓት ሠርቷል ይላል። በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 250 የሥራ ቀን ብንል ወደ ስድስት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ማሳያው ላይ ብዙ ቆየ ማለት ነው? ባትሪውም አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው 46 በመቶ ብቻ ነው የቀረው። መብራት ሲሄድ 50 ደቂቃ ይዞኝ ይጠፋል። መብራት የሚሄድበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ደግሞ ኪቦርዱ።

በአምስተኛው ቀን ከታች በግራ ያለችው የዜድ ቁልፍ ጠርዟ ተነሳ። በጥፍሬ ስነካት ተላቀቀች። ለካ ተለጣፊ ናት! ከሥሯ ዋይ ወጣች። ገርሞኝ ሌሎቹን ፈተሽኩ። ከኤል ቀጥሎ ያለችው ሥር ራሷ ላይ ሁለት ነጥብ ያደረገች ኦ አለች። ጀርመኖች ኪቦርዳቸው ላይ ዋይና ዜድን አለዋውጠው ነው የሚያስቀምጡት። ማለት ይሄ ላፕቶፕ ጀርመንኛ ሲጽፍ የኖረ፣ ምናልባትም የሆነ ቢሮ ውስጥ ደብዳቤ ሲመታበት ቆይቶ ጡረታ የወጣ ምስኪን ነው፤ እናንተ ናችሁ ዘንዶ ለጥፋችሁ ወደ ጦር ሜዳ የላካችሁት። አሁን ሁለት ዋይ አለኝ፣ ዜድ የለኝም። አማርኛ ስጽፍ «የኔ» ለማለት የታችኛዋን ዋይ እመታና «ዘኔ» ይላል። ይህን ደብዳቤ ራሱ አራት ቦታ አርሜዋለሁ።

ስለ ዊንዶውሱም አንድ ቃል። 11 ተጭኖበታል፣ «የመጨረሻው ነው» ተብሎ። ማይክሮሶፍት ግን ዊንዶውስ 11ን ለኢንቴል የሚፈቅደው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። ይሄኛው 7ኛ ነው፣ ፍተሻውን በብልሃት አስዘልላችሁ ነው የጫናችሁት። ነገ አንድ ትልቅ አፕዴት አልገባም ቢለኝ የምከሰው የለኝም። ወደ ዊንዶውስ 10 ልመለስ እንዳልል ደግሞ የሱ ድጋፍ ባለፈው ጥቅምት 4 አብቅቷል። እኔ የገዛሁት ከዚያ 18 ቀን በኋላ ነው።

አራተኛው ስልክ ላይ ወደተባልኩት ልመለስ። «ጌሙ ነው የከበደው፣ ራም እንጨምርልህ፣ 6,000 ብር» አላችሁኝ። ላፕቶፑ 16 ጊጋ ራም አለው እኮ! ራሙ ላይ ምንም ችግር የለም፣ ቃላችሁን የጠበቃችሁበት ነገር ቢኖር እሱ ነው። የሌለው ግራፊክስ ካርድ ነው። ራሱን ላመመው ሰው ጫማ እንደመሸጥ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም፣ ግድግዳው ላይ ተጽፏል» ያላችሁትንም ሰምቻለሁ። አይቼዋለሁ፣ ከ«እንኳን ደህና መጡ» ሥር ነው የተለጠፈው። ነገር ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶኛል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ደረሰኝ ይዞ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችልም ይላል። የኔ 15 ቀን እሑድ ኅዳር 7 ይሞላል።

ደረሰኝ የለህም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ስጠይቅ «በደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶ ይጨመራል» ስትሉኝ ኪሴን አየሁና ዝም አልኩ። እዚህ ጋ ጥፋቱ የኔም ነው፣ አልክድም። ግን ደረሰኝ መቁረጥ የናንተ ግዴታ ነው፣ እኔን ገንዘብ አስጨምራችሁ የምትሰጡኝ ውለታ አይደለም። ደግሞ የከፈልኩበት የባንክ ዝውውር ማስረጃ በእጄ አለ፣ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «ላፕቶፕ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ካርዱም በልጁ እጅ ጽሑፍ አለ። ደረሰኝ የት ሄደ የሚለው ጥያቄ ሌላ መሥሪያ ቤት ደርሶ ቢነሳ ከኔ ይልቅ እናንተን የሚያስጨንቅ ይመስለኛል።

ላፕቶፑ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ይህን በደንብ ያዙልኝ። ለኤክሴል፣ ለኢሜይል፣ ፊልም ለማየት ጥሩ ነው፣ አካሉም ጠንካራ ነው። «7ኛ ጄኔሬሽን፣ የቢሮ፣ ከጀርመን ያገለገለ» ብላችሁ በልኩ ዋጋ ብትሸጡት ለእናቴ እገዛው ነበር። ለወንድሜ ግን አይሆንም፤ የመመረቂያ ሥራውን ሊሠራበት ነው።

የምፈልገው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ 62,000 ብሬን መልሱልኝ፣ ወይ እውነተኛ ግራፊክስ ካርድ ባለው ለውጡልኝ። ብዙ አልጠየቅኩም፤ ባለ 9ኛ ጄኔሬሽን አይ 5-9300ኤች ከጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ ጋር፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ይበቃናል። ካርዱ 4 ጊጋ ሜሞሪ ብቻ ነው ያለው፣ ግን የራሱ ነው። ልዩነት ካለው እጨምራለሁ። ከዚህ ሌላ ደግሞ፣ ይሄ ለኔ የሚጠቅም ነገር የለውም፣ መደርደሪያው ላይ በምትለጥፉት ዋጋ ሥር የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ጻፉበት። አምስት ፊደልና ቁጥር ነው። ከኔ ኋላ ተሰልፎ የነበረው ልጅ ለዩኒቨርሲቲ ብሎ ከእናቱ ጋር ነበር የመጣው፣ እሱም አይ 7 ነበር የሚጠይቀው።

ቅዳሜ ኅዳር 6 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ላፕቶፑን፣ ቻርጀሩን፣ ማውሷንና ካርዱን ይዤ እመጣለሁ። ማውሷ ደህና ናት፣ ሰባቱንም ቀለም ታበራለች። የዜድ ተለጣፊዋን እዚሁ ፖስታ ውስጥ አድርጌያታለሁ፣ ሙጫዋ ስለደረቀ እንዳትወድቅባችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት።

ከሰላምታ ጋር
ጥቅምት 22 የገዛው ደንበኛችሁ