የደንገጎው ጅብ

ልጄ፣

ሐሙስ የላክሽውን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። አንዴ ከዚራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ፣ አንዴ ባጃጅ ውስጥ፣ አንዴ ደግሞ እናትሽ እንዳትሰማ ሽንት ቤት ገብቼ። «አባዬ አራት ሰዓት ብቻ ነው የተኛሁት፣ ለእማዬ እንዳትነግራት» ትይና ትስቂያለሽ። ሳቁ ነው ያላማረኝ። እኔም እንደዛ ስቄ ስለማውቅ ነው፣ እነግርሻለሁ።

እንዳልደውልልሽ እናትሽ ስፒከር ላይ አድርገው ትለኛለች። ስለዚህ በአንድ ጣቴ እየለቀምኩ ልጻፍልሽ፣ ፊደል ብስት እለፊኝ። ሰዓቱ ዘጠኝ ነው። ሙቀቱ ያው የድሬ ነው። ግማሹ ከተማ በርጫ ላይ ስለሆነ የሚረብሸኝ የለም።

መጀመሪያ የገባኝን ልናገር፣ ካጠፋሁ ታርሚኛለሽ። ቤትሽ ዋሽንግተን፣ የአብራሪነት ሥራሽ ቺካጎ። ተጠባባቂ ስትሆኚ ቺካጎ ሄደሽ፣ ስምንት ሆናችሁ በተከራያችሁት ቤት ተደራራቢ አልጋ ላይ ስልክ ትጠብቂያለሽ። ወረቀቱ ከቀኑ አሥራ አንድ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ እረፍት ላይ ነሽ ይላል። አሥር ሰዓት ሙሉ፣ ከዛ ውስጥ ስምንቱ ለእንቅልፍ፣ ልክ ሕጉ እንደሚለው። ግን በቀን አሥራ አንድ ሰዓት ማን ይተኛል? ከላይኛው አልጋ ያለው ልጅ ይወጣል ይገባል፣ ሌላው ሻንጣ ይዘጋል። ዘጠኝ ሲል ጠሩሽና አራት ምልልስ ሰጡሽ። ወረቀቱ ላይ ጥፋት የለም። አንቺ ዓይን ላይ ነው ያለው።

የምትነግሪኝን ሁሉ ደብተር ላይ እንደምጽፍ ታውቂያለሽ፣ ድሮ ኪሎ ሜትርና ናፍጣ እመዘግብበት የነበረው ዓይነት ደብተር። ከሁሉም የከበደኝ ገጽ በረራ 3407 ነው። እኤአ የካቲት 2009፣ በሌሊት፣ ከኒውዋርክ ወደ ቡፋሎ። አውሮፕላኑ ኪው 400 ነው፣ እዚህ ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ ጣሪያችን ላይ የሚያልፈው ዓይነት፣ ልጅ ብትሆኚ ኖሮ እየሮጥሽ የምታይው። ፍጥነቱ ሲወርድ መሪው ተንቀጥቅጦ አስጠነቀቀ። ካፒቴኑ ወደ ፊት መግፋት ሲገባው ወደ ራሱ ሳበው። ውስጥ ያሉት 49ኙም አለቁ፣ የወደቀበት ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ተጨምሮ 50።

መርማሪዎቹ ዋናው ጥፋት የካፒቴኑ ነው አሉ። ድካም ሁለቱንም ሳይጎዳቸው እንዳልቀረ፣ ምን ያህል እንደሆነ ግን መለካት እንዳልቻሉም ጻፉ። እሺ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የረዳት አብራሪዋ ነገር ነው። የ24 ዓመት ልጅ። ቤቷ ሲያትል፣ እናት አባቷ ጋ። ሌሊቱን በጭነት አውሮፕላን ሜምፊስ ላይ ቀይራ አገር አቋርጣ መጣች፣ ሠራተኛ ማረፊያ ውስጥ ጋደም ብላ ሥራ ገባች። ካፒቴኑም ያደረው እዛው ማረፊያ ነው። ጉንፋን ይዟታል። ለካፒቴኑ ስታወራ ድምፅ መቅጃው ላይ ቀርቷል፤ ቤቴ ሆኜ እንዲህ ቢሰማኝ አልመጣም ነበር፣ አሁን አሞኛል ብል ግን ሆቴል ከኪሴ ልከፍል ነው፣ ነው የምትለው።

ለሆቴል ብላ! አቦ፣ ለሆቴል።

እንግዲህ ስሚኝ። ሆቴሉን እኔ እከፍላለሁ። ሳቂ። የሱቁን ኪራይ አልነካሁትም። በዶላር ሲመነዘር ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ሁለት ሌሊት ያሳድራል። ሦስተኛው ሌሊት ከመጣ ወንድምሽ አለ።

ከዛ አደጋ በኋላ የሟቾቹ ቤተሰቦች ኮንግረስ ደጅ እየጠኑ ሕግ አስለወጡ። በ2010 ሕጉ ወጣ። በ2013 ረዳት አብራሪም ቢሆን 1500 ሰዓት ያህል ሳይበር አይቀመጥም ተባለ፣ በ2014 መጀመሪያ ደግሞ የአሥር ሰዓቱ እረፍት ሥራ ላይ ዋለ። ድሮ እረፍቱ ወደ ስምንት ይወርድ ነበር፣ ከአውሮፕላን ወርዶ ሆቴል መድረሻውም ከሱ ላይ ነው የሚበላው። የሚገርመው የ3407 ሁለቱም አብራሪዎች ከ1500 በላይ በረው ነበር። አንቺ 1500ውን ለመሙላት ተማሪ እያስተማርሽ በኑድል የኖርሽበትን ጊዜ አልረሳሁትም፣ ይጥቀም አይጥቀም እናንተ ታውቃላችሁ። ያናደደኝ ሌላ ነው። ጭነት ብቻ የሚያመላልሱትን አብራሪዎች ከእረፍቱ ሕግ አወጧቸው። ጭነት የሚነዳ ሰው እንቅልፍ አይወስደውም ማለት ነው? እኔ ጭነት ነው የነዳሁት።

ደግሞ አውሮፕላናችሁ ላይ በትልቁ የተጻፈው የትልቁ ኩባንያ ስም ነው። ትኬቱም የሱ ነው። የናንተ ስም በር አጠገብ በትንሽ ፊደል ነው። 3407ም እንደዛ ነበር፤ ተሳፋሪው ኮንቲኔንታል ብሎ ገባ፣ የሚያበረው ኮልጋን ነው። ይሄን ለድሬ ሾፌር ብትነግሪው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጭነቱ የነጋዴ፣ መኪናው የባለንብረት፣ ጥፋቱ የሾፌር።

አሁን ወደ ሳቁ ልምጣ።

አንቺ ገና ጡት ሳትጥይ ነው። ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው እነዳ ነበር። ከናዝሬት እህል ጭኜ እየመጣሁ ነው። ባለንብረቱ፣ ስሙን ተይው ልጆቹ እዚሁ ናቸው፣ «ጠዋት ለጂቡቲ ጭነት አለ፣ ካልደረስክ ለሌላ እሰጠዋለሁ» ብሎኛል። ሂርና ማደር ነበረብኝ። አላደርኩም። ጫት አለ፣ ረዳት አለ፣ ምን ይመጣል። ቁልቢ ላይ ገብርኤልን በመስኮት ተሳለምኩና አለፍኩ። ጫት ምን እንደሚያደርግ ልንገርሽ፣ ዓይንሽን ከፍቶ ይይዘዋል፣ ውስጥ ያለው ሰው ግን ተኝቷል። ደንገጎ ደርሼ ቁልቁለቱን ስጀምር የድሬ መብራት ከታች ታየኝ። ደረስኩ አልኩ። ከዛ በኋላ ያለውን አላውቀውም።

የማውቀው ረዳቴ «ጋሼ!» ብሎ መሪውን ሲጠመዝዝ ነው። ጎኑ ከድንጋይ ግንቡ ጋር እየተፋቀ እሳት ይተፋል። ፍሬን ረገጥኩ፣ ተሳቢው ከኋላ ገፋን፣ ቆመ። ልጁ ታኮ ሊያደርግ ወረደ። እጁ ተንቀጥቅጦ ድንጋዩ ሁለቴ አመለጠው። እኔም ወርጄ በባትሪ አየሁ። የፊቱ ቀኝ ጎማ ግማሹ አየር ላይ ነው። ባትሪውን ወደ ታች ባበራው መሬት አላገኘም።

ጠዋት ባለንብረቱ የተፋቀውን አይቶ ምን ሆነ አለኝ። ጅብ ገባብኝ አልኩት። ሳቀ። ሳቅኩ። ያቺ ናት ሳቋ። ለእናትሽም ጅብ ነው አልኳት። ይኸው ሰላሳ ምናምን ዓመት ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታወራዋለች፣ ጅቡም እያደገ ሄዶ አሁን ሁለት ደርሷል። እኔ ደግሞ በዛው ቀን ለጂቡቲ ጫንኩ። እንቅልፉ አያሳፍረኝም፣ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ።

እናንተ ቢያንስ ደክሞኛል ብላችሁ የምትደውሉበት ስልክ አላችሁ። ፋቲግ ኮል አይደል የምትሉት? ሕጉም ብቁ አይደለሁም ያለ አይብረር ይላል፣ ኩባንያውም አያሰማራው ይላል። አንቺ የምትፈሪው በማግሥቱ ቢሮ ተጠርተሽ ለምን ደከመሽ መባሉን ነው። ሴት ናት፣ ሐበሻ ናት፣ አልቻለችም እንዳይሉሽ ነው። ይበሉ። እኔን ጎበዝ ብለውኝ ጎማዬ አየር ላይ ነበር።

ስለ አብራሪዎች ማህበራችሁ ደግሞ ያልሽው ነገር። አዲሱ ውል ላይ ድምፅ ሊሰጥ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ካፒቴኖች ደሞዙን ብቻ ያያሉ፣ ልጆቹ የተጠባባቂውንና የሆቴሉን ነገር ይላሉ፣ ስብሰባው ስድብ ሆኗል፣ «እኔ በዓመት ውስጥ ወደ ትልቁ ኩባንያ ስለምሄድ አያገባኝም» አልሽ። የሚያስቸግረው እኮ ይሄ ነው። ሁሉም ሊሄድ ነው። ሁሉም ጥሎት የሚሄደውን ቤት ጣሪያ ማን ይጠግናል?

ማህበር ቀላል ነገር አይደለም፣ አውቃለሁ። አልፓ የሚባለው የአብራሪዎች ማህበር እኤአ ከ1931 ጀምሮ ያለ ነው፣ የትልልቆቹንም የትንንሾቹንም አብራሪዎች ይወክላል። የትልልቆቹ አብራሪዎች ደግሞ ሥራችን እንዳይወሰድ ብለው ትንንሾቹ ከ76 ወንበር በላይ እንዳያበሩ ውላቸው ላይ አስጽፈዋል። ሁሉንም ልጆቼን እኩል እወዳለሁ እንደሚል አባት ነው። እኔ ሦስት አለኝ፣ ነገሩን አውቀዋለሁ። ዩኤስ ኤርዌይስና አሜሪካ ዌስት የሚባሉት አየር መንገዶች በ2005 ሲዋሃዱ የሆነውንም አንቺው ነሽ የነገርሽኝ፤ ማን ከማን ይቀድማል በሚለው ዝርዝር ተጣልተው፣ ገላጋይ ዳኛ አስቀምጠው፣ የፈረደውን ግማሾቹ አንቀበልም ብለው፣ በ2008 ነባሩን ማህበር በድምፅ አባረው ሌላ አቋቋሙ፣ ከዛ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት። አንድ ኩባንያ ውስጥ ዩኤስ ኤርዌይሶቹ በራሳቸው ውል አሜሪካ ዌስቶቹ በራሳቸው ውል ሲበሩ ዓመታት አለፉ። ኩባንያው ምን ጎደለበት?

ሥራ ማቆም የምትችሉበትን የሚወስነው የባቡር ሠራተኞች ሕግ ነው ስትዪኝ እንዴት እንደሳቅኩ ታስታውሻለሽ? በ1926 ለባቡር ወጥቶ በ1936 አየር መንገድ የተጨመረበት። ባቡር የወለዳት ከተማ ልጅ ሰማይ ላይም ባቡር አይለቃትም አልኩሽ። ግን በዛ ሕግ የመንግሥቱ አሸማጋይ ቦርድ ካልለቀቃችሁ ሥራ አታቆሙም። የቀረሽ ይቺ ድምፅ ናት።

እኛም ተራ የሚያወጣልን ማህበር ነበረን። ሊቀመንበሩ ለዘመዶቹ ተራ ይቆርጣል ብዬ ተናደድኩና ስብሰባ መሄድ ተውኩ። እውነቴን ነበር፣ ይቆርጥ ነበር። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ የመንገድ ማደሪያ አበሉን አነሱትና ቶሎ ለደረሰ ጉርሻ ይሰጥ ብለው አጸደቁ። ስድስት እጅ እንኳን አልተቃወመም አሉኝ። ሂርና ሳላድር ያለፍኩት በዛው ዓመት ነው።

ስለዚህ ሂጂና ተሰደቢ። የሆቴሉን ነገር ጠይቂ። አንቺ ብትሄጂም እዛ አልጋ ላይ ሌላ ልጅ ትተኛለች፣ ምናልባት አባቷ እንደኔ የሱቅ ኪራይ የለውም።

እናትሽ ሻይ አፍልታ እየጠራችኝ ነው። ከማን ጋር ነው የምትጻጻፈው ትላለች። ከልጅሽ ጋር አልኳት። «ተኝታለች?» አለችኝ። ደህና ናት አላለችም፣ ተኝታለች ወይ ነው ያለችው። ማን እንደነገራት አላውቅም፣ እኔ አይደለሁም።

ማታ ደውይላትና ራስሽ ንገሪያት። እኔም የጅቡን እነግራታለሁ። አንቺ ቅደሚ።

አባትሽ