ጉዳዩ፦ ሎኮሞቲቭ የሌለው የባቡር ባርኔጣ

ለባርኔጣ ቤቱ ኃላፊ
ሐረር

ትዕዛዙን ታውቁታላችሁ፦ ለአባቴ 75ኛ ልደት፣ የጥጥ ጭስ ያለው ሎኮሞቲቭ ከነፉርጎዎቹ ክፈፉን የሚዞርበት የአክርማ ስፌት ባርኔጣ፤ የደረሰኙ ቅጂም እጃችሁ ላይ ነው። በቀጥታ ወደ ዓርቡ ልግባ።

ዓርብ 9 ሰዓት ላይ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «እህቴ፣ በ11 ሰዓቱ ሚኒባስ ይላካል፣ አታስቢ» አለችኝ። በሰዓቱ ድሬዳዋ መናኸሪያ ሄጄ ቆምኩ። ሙቀታችንን ታውቁታላችሁ። አንዱ ሚኒባስ ገባ፤ ሁለተኛው ገባ፤ ሦስተኛው ገባ። ረዳቶቹን ሁሉ «ከሐረር የተላከ ካርቶን አለ?» እያልኩ ጠየቅሁ። የለም። ምሽት 2 ሰዓት ላይ መልሼ ስደውል ያቺው ልጅ «ባርኔጣ እኮ ነው፣ ምን ታካብጃለሽ?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ካርቶኑ የመጣው ቅዳሜ ነው፤ አባቴ 75 ዓመት የሞላቸው ዕለት። ስከፍተው አምስት ፉርጎዎች ክፈፉን ዞረውታል። ስፌቱ ያምራል፣ አልዋሽም። የፉርጎዎቹ በር ሳይቀር በጥቁር ክር ወጥቷል። ፊት ለፊት ግን ሎኮሞቲቩ የለም። በቦታው ሁለት የወስፌ ቀዳዳና አንድ የተንጠለጠለ ክር ብቻ። የጥጥ ጭሱም የለም።

ድሬ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አባቴም 31 ዓመት ምድር ባቡር ሠርተዋል። ባርኔጣውን አገላብጠው አዩትና «ማነው የሚጎትተው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

በ6,500 ብሩ አልከራከርም። አክርማውን መንከር፣ አለላውን ማቅለም፣ ዙር በዙር መስፋት የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እናቴ ሰፌድ ሰፊ ነበረች። ለፀሐይ ብቻ ቢሆን ታይዋን ገበያ ኮፍያ ሞልቷል። እኔ የከፈልኩት ለጨዋታው ነው፤ ያየው ሰው ሁሉ ፊቱ እንዲፈታ። የፋሽን ዲዛይነሯ ስኪያፓሬሊና ሠዓሊው ዳሊ እ.ኤ.አ. በ1937 የሠሩትን የጫማ ቅርጽ ያለው ባርኔጣ ፎቶ አሳይታችሁ «እኛም እንዲህ እንሠራለን» ያላችሁኝ እናንተው ናችሁ። ከዚያ ጫማ ላይ ወደ ላይ የቆመው ተረከዝ ቢነሳ ምን ይቀራል?

ሌላውንም ሳልናገር አላልፍም። ቀለም ምረጪ ብላችሁ ሐረር ድረስ አስመጥታችሁኝ በሩ ተዘግቶ ነበር። የአባቴን የራስ ልክ ሁለት ጊዜ ጠፋብን ብላችሁ አስለካችሁኝ። መሃል ላይ ደግሞ «አለላ ተወደደ» ተብሎ 800 ብር ተጨመረብኝ። ያኔ ዝም አልኩ።

አሁን ግን ሎኮሞቲቩ ከነጭሱ እስከ ሐሙስ ይሠራልኝ፤ መላኪያውንም እናንተ ቻሉ። 800 ብሩ ይመለስ። ያቺ ልጅ አባቴን ደውላ ይቅርታ ትጠይቅ። ሐሙስ ካለፈ ሙሉ ገንዘቤን ነው የምፈልገው፤ ጉዳዩንም ንግድ ቢሮ እወስደዋለሁ።

ባርኔጣው ከዚራ ሰፈር፣ አባቴ ሳሎን ተሰቅሏል። እንግዳ ሲጠይቃቸው «ሎኮሞቲቩ ጥገና ገብቷል» እያሉ የእናንተን ጥፋት ይሸፍናሉ። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ሐሙስ 11 ሰዓት መናኸሪያ እጠብቃለሁ።

ደንበኛችሁ፣ ከድሬዳዋ