የገጠር አየርላንድ በጀት በርቀትም ይለካ

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በምዕራብ አየርላንድ የአንድ ገጠር አካባቢ የምክር ቤት አባል እንደመሆኔ፣ ነዋሪዎች ይዘውልኝ የሚመጡት አቤቱታ ከዓመት ዓመት አለመለወጡ እጅግ ያሳስበኛል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 እና በ2013 ከ130 በላይ የፖሊስ ጣቢያዎች ተዘጉ፤ በ2014 ደግሞ 80 የከተማ ምክር ቤቶች ፈረሱ። የመንደሩ ፖስታ ቤት ሲዘጋ፣ ጡረታቸውን በእግራቸው ሄደው ይቀበሉ የነበሩ መኪና የሌላቸው አረጋውያን፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚያልፍ አውቶቡስ ለመጠበቅ ተገደዋል።

የአካባቢ ንብረት ግብር በቤት ዋጋ ስለሚሰላ፣ እንደ ሊትሪም ያሉ ሕዝባቸው የሳሳና ቤታቸው ርካሽ የሆነ አውራጃዎች የሚሰበስቡት ጥቂት ነው፤ የሚጠግኑት መንገድ ግን ረጅም ነው። ስለዚህ መንግሥት የግብር ገቢያቸው ላነሰ አውራጃዎች የሚሰጠውን የማካካሻ በጀት ሲደለድል የመንገዱን ርዝመትና የሐኪም ቤቱን ርቀት ጭምር እንዲመዝን አጥብቄ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የገጠር ምክር ቤት አባል