ሲሞን ቦሊቫር መንገድ ስታ አልሰጠመችም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ባሕር ፈንጂ በታሪክ ዓምዳችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብኩት። አንድ ነገር ግን አልዋጥልኝ አለ። የሆላንዷን መርከብ ሲሞን ቦሊቫርን የጦርነት ቀጣና ውስጥ ገብታ አደጋ እንደ ደረሰባት አድርጋችሁ በአንድ መስመር አልፋችኋታል። አገላለጹ ጥፋቱን ከፈንጂው አጥማጅ ላይ አንሥቶ መርከቧ ላይ ሊጭነው ምንም አልቀረው።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 1939 ሆላንድ ገለልተኛ አገር ነበረች። ሲሞን ቦሊቫር ከአምስተርዳም ተነሥታ ወደ ካሪቢያንና ወደ ሱሪናም የምትጓዝ የንግድና የመንገደኞች መርከብ ናት፤ ከተሳፈሩት 400 ያህል ሰዎች መካከል ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በእንግሊዝ ጠረፍ በሃሪች አቅራቢያ በጠራራ ቀን ጀርመኖች ያጠመዱት ፈንጂ ፈነዳባት። ካፒቴኑ ወዲያውኑ ሞተ። ሰዉ ወደ ጀልባዎች ሲጣደፍ ሁለተኛው ፈንጂ ተከተለ። የነዳጅ ማጠራቀሚያዎቿ ተቀድደው ዘይቱ ባሕሩ ላይ ስለ ፈሰሰ፣ በሕይወት የወጡት ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግራቸው ጥቁር ነዳጅ ተለቅልቀው ነበር። ከ80 በላይ ሰዎች አለቁ። ከሦስት ቀን በኋላ የጃፓኗ ቴሩኩኒ ማሩ በቴምዝ ወንዝ መግቢያ በተመሳሳይ መንገድ ሰጠመች፤ ጃፓንም ያኔ ገለልተኛ ነበረች። ደግነቱ በዚያችኛይቱ የሞተ ሰው የለም።

ጽሑፋችሁ ሰፊውን ቦታ የሰጠው ለእንግሊዙ የባሕር ኃይል መኮንን ለጆን ኡቭሪ ነው፤ አልቃወምም። ከአውሮፕላን ተጥሎ በእንግሊዝ ጠረፍ ሹበሪነስ ጭቃ ላይ የቀረውን ፈንጂ፣ ማግኔት በማይስበው በናስ መሣሪያ ብሎን በብሎን መፍታት ቀላል ድፍረት አይደለም። የብረት መርከብ የራሷ ማግኔታዊ ኃይል ፈንጂውን እንደሚቀሰቅሰው በእርግጠኝነት የታወቀው፣ መርከቦችንም በኤሌክትሪክ ገመድ ዙሪያቸውን ጠምጥሞ ይህን ኃይል ማዳከም የተቻለው በእሱ ሥራ ነው። ነገር ግን ኡቭሪ ጭቃው ውስጥ የገባው ሲሞን ቦሊቫር ከሰጠመች ከአምስት ቀን በኋላ ነበር።

ያለፋችሁት የሕጉን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 በሄግ የተፈረመው ስምንተኛው ስምምነት፣ የንግድ መርከቦችን ለማገድ ብቻ ሲባል በጠላት ጠረፍና ወደብ ፊት ፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። አጥማጁ ሌላም ወታደራዊ ዓላማ አለኝ ካለ ክልከላው ይፈርሳል። ጀርመንና ፈረንሳይ ደግሞ ይህችኑ አንቀጽ አንቀበልም ብለው ነው የፈረሙት። ስምምነቱ የሚናገረው ሲነኩት ስለሚፈነዳ ፈንጂ እንጂ መርከብ በላዩ ስታልፍ ስለሚፈነዳው አይደለም። ያም ሆኖ ለሰላማዊ መርከቦች የሚቻለው ጥንቃቄ ሁሉ ይደረግ የሚል ግዴታ አለበት። ሲሞን ቦሊቫር ዘንድ የደረሰ ጥንቃቄ ካለ አሳዩን።

ተከታዩን ክፍል ስታዘጋጁ ወደ ራሳችን ሰፈር ብትመጡ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 በበጋው ወራት በስዊዝ ባሕረ ሰላጤና በቀይ ባሕር ከ15 በላይ የንግድ መርከቦች በፈንጂ ተጎድተዋል። ጥርጣሬው ያረፈባት የሊቢያዋ መርከብ ጋት፣ የስዊዝን ቦይ አቋርጣ ስታልፍ መዳረሻዋ ያኔ የእኛ የነበረው አሰብ ነበር፤ ሊቢያ ግን ክሱን አልተቀበለችም። ያኔ በአሰብ ወደብ የሠሩ ሰዎች ዛሬም በመካከላችን አሉና፣ ሳይረፍድ ብታነጋግሯቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ