ልጆቻችንን ለማሰብ ችሎታ ፈተና ስናዘጋጅ

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

እዚህ ቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች፣ የሁለተኛ ክፍል ልጆቻችን ኮጋት የተባለውን የማሰብ ችሎታ ፈተና የሚወስዱበት ጊዜ ሲቃረብ፣ ማታ ማታ የመልመጃ ጥራዝ ፊት ስናስቀምጣቸው አያለሁ፤ እኔም ይህንኑ አድርጌያለሁ። ፈተናው ግን በቃል፣ በቁጥርና በሥዕል በተዘጋጁ 3 ክፍሎች፣ ልጁ በነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና እንዴት እንደሚያገኝ የሚመዝን እንጂ በክፍል የተማረውን የሚጠይቅ አይደለም።

ልጄ በጥራዙ ላይ ስታለቅስ ባየሁ ምሽት ዘጋሁትና አንድ ሶፍት ሁለት ጊዜ አጥፌ መሐሉን በእርሳስ በሳሁት። «ሲዘረጋ ስንት ቀዳዳ ይኖረዋል?» አልኳት። «አንድ» አለች። ዘርግታ አራት ስትቆጥር ፊቷ በራ፤ ሌላ ሶፍትም አመጣች። ወረቀት ማጠፍ ከፈተናው የጥያቄ ዓይነቶች አንዱ ነው።

የጥያቄዎቹን መልክ አስቀድሞ ማየት፣ በተለይም ቤት ውስጥ አማርኛ ለሚናገሩና መመሪያውን በእንግሊዝኛ ለሚሰሙ ልጆች፣ በእርግጥ ይጠቅማል፤ ለዚህ ግን ጥቂት ቀናት ይበቃሉ ብዬ አምናለሁ። ጋዜጣችሁ መምህራንን ጋብዞ ፈተናው ምን እንደሚለካና ውጤቱ ከዕድሜ እኩዮች ጋር እየተነጻጸረ እንዴት እንደሚሰላ በአማርኛ ቢያስረዳልን፣ ብዙ ቤተሰብ ከጭንቀት ይገላገላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት እናት፣ ቨርጂኒያ